የሊቅ ሥራ በቁጥር ይመዘናልን?

አንባቢ ሆይ! እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የተወለድሁትም የማስተምረውም በደጋ አገር ስለ ሆነ፥ ትልቅ ውኃ ብዬ የማውቀው በክረምት መሻገሪያ የሚያሳጣንን ወንዛችንን ነው። ይሁን እንጂ ያለፈውን ክረምት በሙሉ ያሳለፍሁት ከአንድ የባሕር ሊቅ ጋር ነው ብልህ አትደነቅ። ሊቁ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔም የማውቀው በጽሑፉ ብቻ ነው። ለመተዋወቃችን ምክንያት የሆነችው አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይህች ተማሪ ስልኳን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። በስልኩ ላይ ውቅያኖስን የሚያጠኑ የሊቃውንት ስም በተራ ተጽፎ፥ በእያንዳንዱ ስም አንጻር ሦስት ቁጥር ተቀምጦ ነበር። የመጀመሪያው ሊቁ ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ፥ ሁለተኛው ጽሑፎቹ በሌሎች ሊቃውንት ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሱ የሚነግር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ ተቀምሮ የወጣ አንድ ትንሽ ቁጥር ነው።

«መምህር፥» አለችኝ፤ «ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁጥሩ የበዛው ነው ማለት ነው?»

እኔም ብዙ ሳላስብ «አዎን፥ እንደዚያ ነው» ብዬ መለስሁላት። ማርክ ሲደምር የዋለ መምህር ሌላ ምን ይመልሳል? በዚያው ቀን የአራት ክፍል ተማሪዎችን ፈተና አርሜ፥ ማን አንደኛ ማን መጨረሻ እንደ ወጣ ጽፌ መጨረሴ ነበር። ልጅቱም አመስግናኝ ሄደች።

ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ምክንያቱን ልንገርህ፤ ነገር ግን አትሳቅብኝ። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስመረቅ ስለ አገሬ ዝናም የጻፍኋት አጭር ጽሑፍ በአንድ መጽሔት ታትማልኝ ነበር። ከታተመች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ሰው እንዳያየኝ እየተደበቅሁ፥ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰች ስመለከት ኖሬአለሁ። ቁጥሯ አንድም ቀን አልተለወጠም፤ ዜሮ ነው። እንግዲህ ለተማሪዬ የሰጠኋት መልስ እውነት ከሆነ፥ በገዛ ራሴ ላይ ምን ዓይነት ፍርድ እንደ ፈረድሁ አንተው አስበው።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠቀስ ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንድ ሊቅ አዲስ ነገር ሲጽፍ ከርሱ በፊት የነበሩት የደረሱበትን መሠረት አድርጎ ነው። ስለዚህ «ይህን ያገኘው እገሌ ነው፤ ያንን የለካው እገሌ ነው» እያለ ዋቢዎቹን በጽሑፉ መጨረሻ ይዘረዝራል። ይህ ልማድ ለኛ እንግዳ አይደለም። ባለጉዳይ በዳኛ ፊት ሲቆም ምስክሩን ይጠራል፤ የቅኔ መምህርም ከማን እንደ ተማረ፥ መምህሩስ ከማን እንደ ተማረ ሲጠየቅ ቈጥሮ ይናገራል። እንግዲህ መጠቀስ ማለት በሌላ ሰው ሙግት ላይ ምስክር ሆኖ መጠራት ነው።

ይህን ጥሪ መቍጠር የሚቻልበትን መንገድ ያዘጋጀው ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጋርፊልድ አሳቡን በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ገለጠ፤ በ1964ም በፊላደልፊያ ያቋቋመው ድርጅት የሳይንስ ጽሑፎችን ጥቅስ የሚያሳየውን ታላቅ ማውጫ ይፋ አደረገ። ልብ በል፤ በመጀመሪያው ጽሑፉ ላይ ዋናው አሳቡ ሰውን መመዘን አልነበረም። አንድ አንባቢ አንድ ጽሑፍ ሲያገኝ፥ ከዚያ በኋላ ማን እንደ ደገፈው ማንስ እንደ ነቀፈው ተከትሎ እንዲያውቅ፥ የተሳሳተውንም ነገር እውነት መስሎት እንዳይደግመው ነበር። መንገድ እንዲያሳይ የተሠራው ነገር ቀስ በቀስ ሚዛን ሆነ።

በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ያንን ሦስተኛውን ትንሽ ቁጥር አወጣ። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊቅ እያንዳንዳቸው ከዐሥር ጊዜ ያላነሰ የተጠቀሱ ዐሥር ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ 10 ነው፤ ከሃያ ጊዜ ያላነሰ የተጠቀሱ ሃያ ጽሑፎች ካሉት 20 ይሆናል። በዚህ ስሌት በሕይወቱ አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ፥ ያም ጽሑፍ ሺህ ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ቁጥሩ 1 ነው። ዛሬ በብዙ አገር መምህር ለመቅጠር፥ ማዕርግ ለመስጠትና የምርምር ገንዘብ ለማከፋፈል የሚሰበሰቡ ኮሚቴዎች እነዚህን ቁጥሮች ይመለከታሉ።

እኔም አንድ ነገር ቈረጥሁ። ክረምቱን በሙሉ ከባሕር ሊቃውንት የአንዱን፥ ቁጥሩን ሳይሆን ሥራውን ለመከተል አሰብሁ። የመረጥሁትም ሄንሪ ስቶመልን ነው፤ ስለ ውቅያኖስ የሚናገር የገለጥሁት መጽሐፍ ሁሉ ስሙን ሲያነሣ አግኝቻለሁና።

ስቶመል በ1920 ዊልሚንግተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ተወለደ። በ1942 ከዬል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ፤ በ1944 ዉድስ ሆል ወደሚባለው የባሕር ምርምር ተቋም ገባ። የዶክተርነት ዲግሪ አልነበረውም። ሆኖም በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል።

ስሙን ያስጠራችው ጽሑፍ በ1948 የታተመችው ናት። በአትላንቲክ ውቅያኖስ፥ በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ በኩል፥ ገልፍ ስትሪም የሚባል ጠባብና ፈጣን የሞቀ ውኃ ጅረት በባሕሩ ውስጥ ይፈሳል። በጃፓን አጠገብም ኩሮሺዮ የሚባል መሰሉ አለ። ነፋሱ በውቅያኖሱ ሁሉ ላይ እየነፈሰ፥ ጅረቱ በምዕራቡ ዳር ብቻ የሚጠበውና የሚፈጥነው ስለ ምንድን ነው? በምሥራቁ ዳርስ ስለ ምን እንዲህ አይሆንም? ስቶመል አምስት ገጽ በምትሆን ጽሑፍ መለሰ። ምድር በመዞሯ የሚንቀሳቀሰውን ውኃ ከመንገዱ ታጣምመዋለች፤ ይህ ማጣመም በምድር ወገብ ዘንድ ኢምንት ሲሆን ወደ ዋልታ በቀረቡ መጠን ይበረታል። ማጣመሙ በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆን ኖሮ ጅረቱም በሁለቱ ዳር እኩል በሆነ ነበር። እኩል ስላልሆነ ግን ጅረቱ በምዕራብ ዳር ይጠብባል፥ ይበረታልም። ይህች አጭር ጽሑፍ ዛሬ ባሕርን የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ሊያልፋት የማይችል በር ናት።

እስከዚህ ድረስ ቁጥርና ሥራ ተስማምተው ይሄዳሉ። አሁን ግን ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ።

አንድ ጥሬ እንቍላል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ብትጨምር ይሰጥማል፤ ውኃው ላይ ጨው ብታበዛበት ይንሳፈፋል። ጨው ውኃን ያከብደዋልና። ቅዝቃዜም የባሕርን ውኃ ያከብደዋል፥ ሙቀት ደግሞ ያቀለዋል። እንግዲህ አንዱ ውኃ ሞቃትና ጨዋማ፥ ሌላው ቀዝቃዛና ጨው ያነሰበት ቢሆን የትኛው ይከብዳል? ሙቀቱ ወደ አንድ ወገን፥ ጨው ወደ ሌላው ወገን ይስባሉ። ስቶመል በአሳቡ ሁለት ገንዳ ወስዶ፥ ከታች በቧንቧ ከላይም በቦይ አገናኛቸውና አሰላው። የደረሰበት ነገር የሚያስደንቅ ነው። የውጭው ሁኔታ ምንም ሳይለወጥ፥ ውኃው ጸንቶ የሚፈስባቸው ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። በአንደኛው ሙቀትና ቅዝቃዜ ያሸንፉና ውኃው ፈጥኖ ይፈሳል፤ በሁለተኛው ጨው ያሸንፍና ውኃው ወደ ተቃራኒው ወገን በዝግታ ይፈሳል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው መሻገርም ቀስ በቀስ አይደለም። እንስራን ጥቂት ብትገፋው ተወዛውዞ ይመለሳል፤ ከልኩ አሳልፈህ ብትገፋው ግን ይወድቃል፤ ከወደቀም በኋላ እጅህን ስላነሣህለት ብቻ ተመልሶ አይቆምም። የስቶመል ገንዳም እንዲሁ ነው።

ይህን ሰባት ገጽ ያህል አድርጎ ጽፎ፥ በ1961 በስዊድን «ቴሉስ» በተባለው መጽሔት አሳተመው። በመጨረሻም ነገሩ ስለ አየር ጠባይ መለወጥ ብዙ የሚያሳስብ እንደ ሆነ ጠቆም አድርጎ አለፈ።

ከዚያስ? ከዚያማ ዝም ሆነ። ሃያ ዓመት ያህል ጽሑፏን ከቁም ነገር የቈጠራት ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በ1982 ክሌስ ሩዝ የተባለ ሊቅ አሳቡን እንደ ገና አነሣው፤ በ1986 ደግሞ ፍራንክ ብራያን የውቅያኖስን ዝውውር በኮምፒዩተር አሰልቶ፥ እውነትም ከአንድ የበለጠ የጸና ሁኔታ ሊኖር እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፏ ነቃች። ዛሬ ስለ አትላንቲክ ዝውውር የሚጽፍ ሊቅ እርሷን ሳያነሣ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። በአትላንቲክ ሞቃትና ጨዋማ ውኃ በላይ በኩል ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ እዚያ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ጥልቁ ይወርዳል፥ ከታች በኩልም ወደ ደቡብ ይመለሳል። የሰሜን ምዕራብ ኤውሮፓን ክረምት ከሚያለዝቡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የዓለም ሙቀት ሲጨምር ግን የግሪንላንድ በረዶ እየቀለጠ ጨው የሌለው ውኃ ወደዚያ ባሕር ይገባል፤ የባሕሩም ውኃ ይቀልና መውረዱ ይደክማል። ከ2004 ጀምሮ ከአፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ እስከ አሜሪካ ድረስ በተተከሉ መሣሪያዎች ይህ ዝውውር ያለማቋረጥ ይለካል። በ2021 የወጣው የዓለም መንግሥታት የአየር ጠባይ ጉባኤ ጽሑፍ ዝውውሩ በዚህ ምዕተ ዓመት መድከሙ እጅግ የሚጠበቅ ነው ብሏል። ከምዕተ ዓመቱ ማብቂያ በፊት በድንገት ይቋረጣል ብሎ ባያምንም፥ ይህን የተናገረው በመካከለኛ እርግጠኝነት ነው።

«ይህ ለኛ ምናችን ነው?» ትል ይሆናል። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ነገር ግን የአትላንቲክ ዝውውር ሲደክም፥ በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የዝናም መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል። ከጣና ሐይቅ ወለል የተወሰደው ጭቃ ሲመረመር፥ ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ እንደ ነበር ታውቋል። ያም ዘመን በሰሜን አትላንቲክ የበረዶ ክምር በብዛት ወደ ባሕር ከገባበት ዘመን ጋር ይገጥማል። ባሕር ያላየሁ ሰው ይህን ሳነብ ወደ ሰማይ ቀና ብዬ ደመናውን ማየቴን አልሸሽግህም።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቅ። በ1971 አንድ ኮሚቴ ተቀምጦ ያቺን የ1961 ጽሑፍ በጥቅስ ብዛት መዝኗት ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? «ዐሥር ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ፈላጊ ያላገኘች ጽሑፍ ምን ትረባለች!» ይል ነበር። ስቶመልስ ሌላ ሥራ ስለ ነበረው አልተጎዳም። በ1983 ታላቁን የክራፎርድ ሽልማት ከኤድዋርድ ሎሬንዝ ጋር ተካፍሏል፤ በ1989 የአገሩን የሳይንስ ሜዳልያ ተቀብሏል፤ በ1992 ሲሞትም ከዘመኑ ታላላቅ የባሕር ሊቃውንት እንደ አንዱ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ከያቺ ጽሑፍ በቀር ሌላ የሌለው አንድ ድኻ ወጣት ቢሆን ኖሮስ?

ሌላም ጕድለት አለ። በአንድ የዕውቀት ዘርፍ የሚሠሩ ሰዎች ሲበዙ ጥቅሱም ይበዛል፤ ስለዚህ የባሕር ሊቅን ቁጥር ከሕክምና ሊቅ ቁጥር ጋር ማወዳደር የገብስን ክምር ከሰሊጥ ክምር ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ስሕተት ያለበት ጽሑፍም ነቃፊዎቹ እየጠሩት ቁጥሩ ይበዛል። እጅግ የታወቀ እውነት ደግሞ የሁሉ ገንዘብ ስለሚሆን መጠቀሱ ይቀራል፤ ዛሬ ስለ መሬት ስበት በተናገረ ቍጥር ኒውተንን በዋቢነት የሚጠራ ማን አለ? በዚህ ምክንያት በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ሰዎች፥ ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት ቁጥር የሊቁን ሥራ መመዘኛ እንዳይሆን የሚጠይቅ መግለጫ አውጥተዋል።

ይህን ስል ግን ቁጥርን ከናካቴው መጣል ይገባል ማለቴ አይደለም። ቁጥር ባይኖር ሰው በምን ይመዘናል? በዘመድ፥ በአገር ልጅነት፥ በእጅ መንሻ፥ በአለቃ ፈገግታ ነው። ዘመድ የሌለው ሠራተኛ «ሥራዬን ቍጠሩልኝ» ብሎ የሚከራከርበት ነገር ቢኖር ቁጥር ነው። ከኮሚቴ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ቁጥር ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ሊሰማ ይገባዋል። ጥፋቱ ምስክሩን ከዳኛው ወንበር ላይ ስናስቀምጠው ነው። ዳኛው ጽሑፉን አንብቦ የተረዳ ሰው መሆን አለበት፤ ማንበብ ግን ከመቍጠር ይልቅ ስለሚያደክም እንሸሸዋለን። እኔም ለተማሪዬ መልስ የሰጠኋት በዚሁ ስንፍና ነው።

ከስቶመል ሥራ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1954 እርሱና ባልደረቦቹ በቤርሙዳ ደሴት አጠገብ አንድ ቦታ መርጠው፥ በዚያ ቦታ በወር ሁለት ጊዜ ያህል የባሕሩን ሙቀትና ጨው ከላይ እስከ ጥልቁ ድረስ መለካት ጀመሩ። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያስጨበጭብ ነገር የለም። ጀልባ ወስዶ፥ ለክቶ፥ ጽፎ መመለስ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ያንኑ መድገም ነው። ይህ ልኬት ከሰባ ዓመት በኋላ ዛሬም ይቀጥላል። ባሕሩ በሰው ዕድሜ ውስጥ ምን ያህል እንደ ሞቀ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደዚያ መዝገብ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች በ1954 የጻፈው እጅ ግን በዚያ ቀን ማንም አላጨበጨበለትም።

ይህን ሳነብ በትምህርት ቤታችን ግቢ ያለው ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ጎኑ ቀጥ ያለ አንድ ባዶ ቆርቆሮ ከዛፍና ከቤት ርቀን አቁመን፥ በየጧቱ የተጠራቀመውን ዝናም በማስመሪያ እየለካን በደብተር መጻፍ ጀምረን ነበር። ውኃው በቆርቆሮው ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ አለ ማለት፥ የዘነመው ያን ያህል ነው። በዚህ ክረምት ግን ልተወው አስቤ ነበር። «የታተመችውን ጽሑፌን ያየ ከሌለ ደብተራችንን ማን ያያታል?» ብዬ ነበር።

እውነቱን ልናገር። ያልተነበበ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ስቶመል ጽሑፍ ተኝቶ የሚነቃ አይደለም። አብዛኛው ያልተነበበው ሊነበብ ስለማይገባው ነው፤ የኔዋም ከነዚያ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ክረምቱን እንደ ገና አነበብኋት፤ ሁለት ቦታ ላይ ያለ በቂ ልኬት ተናግሬ አገኘሁ። ዜሮ ይህን አልነገረኝም። የነገረኝ ማንበቤ ነው።

ትምህርት ቤት እንደ ተከፈተ ያቺን ልጅ ጠርቼ «የዚያን ዕለት የሰጠሁሽ መልስ ትክክል አልነበረም» አልኋት። ስለ ሁለቱ ገንዳዎችም ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፥ «ታዲያ መምህር፥ እርስዎ የሚሰጡን ማርክስ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ገና ሙሉ መልስ የለኝም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከማርኩ ሥር አንዳንድ መስመር አስተያየት መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ማረሚያውም ጊዜ እጥፍ ሆኖብኛል።

አንተም በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጠህ ማንም የማይከፍተው የሚመስልህን መዝገብ የምትጽፍ ብትሆን፥ ቀኑን አታሳስት፤ ያላየኸውን አትሙላ። ፈላጊው ነገ ይምጣ፥ ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ፥ ወይም ከቶ አይምጣ፥ እኔ ልነግርህ አልችልም። ቢመጣ ግን የሚያገኘው አንተ ዛሬ የጻፍኸውን ብቻ ነው።

ዛሬ ጧት ቆርቆሮው ውስጥ 9 ሚሊ ሜትር ነበር። የለካችው እርሷ ናት፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ጻፍሁ።